ባለ አንድ እግሩ የፊልም ቤት በቡራዩ ቁልቁለት ላይ ይቆማል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋና ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በቡራዩ በኩል 250 ካሬ ሜትር ቦታ አላቸው። ቦታው በመንገዱ በኩል 12 ሜትር ተኩል ሲሰፋ ወደ ታች 20 ሜትር ይረዝማል፤ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ታችኛው አጥር ድረስም 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቁልቁለቱን ቆርጠው፣ ግንብ ገንብተውና አፈር ሞልተው ነው የሠሩት፤ እነርሱ ግን ለድጋፍ ግንቡ ብቻ የተጠየቁትን ዋጋ ሲሰሙ ደንግጠዋል። በዚህ መሐል ባለቤታቸው «ቦዲ ደብል» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን የአሜሪካ ፊልም ያያሉ፤ በአንድ ወፍራም ዓምድ ላይ እንደ ሳህን የተቀመጠው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤትም ልባቸውን ይወስደዋል። «መሬቱን ሳንነካ በአንድ ኮለን ላይ ብንሠራው አይረክስም ወይ? ለቤተሰብ ኑሮስ ይመቻል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ስለ ፊልሙ ብዙ አልልም፤ ከልጆች ጋር ተቀምጠው የሚያዩት ዓይነት አይደለም። ቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥራዬ የሕንፃ ስትራክቸር ስሌት በመሆኑ እኔም ፊልሙን እያቆምኩ ደጋግሜ ያየሁት ለቤቱ ስል ነው። የፊልም ሠሪዎች ለቀረጻ ያቆሙት መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ዛሬም በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመ እውነተኛ መኖሪያ ቤት ነው። ስሙ ኬሞስፌር ይባላል። ንድፉን ያወጣው ጆን ላውትነር የተባለው አርኪቴክት ሲሆን ግንባታው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ያሠራው ሰው የአውሮፕላንና የጠፈር መሣሪያ መሐንዲስ ነበር፤ መሬቱን ያገኘው ከሚስቱ አባት ሲሆን፣ ቁልቁለቱ ወደ 45 ዲግሪ ስለሚጠጋ ማንም ቤት ሊሠራበት ያልደፈረው ቦታ ነበር። ላውትነር ተራራውን በዶዘር ቆርጦ በግንብ ከመደገፍ ይልቅ 1 ሜትር ተኩል ውፍረትና 9 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አንድ የአርማታ ዓምድ አቆመ፤ ከዓምዱ ላይ ብረቶችን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶም 204 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ወለል አስቀመጠባቸው።

ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ቤት ያንን መልክ የያዘው መሬቱ ስላስገደደው ነው። የእርስዎ ቦታ በ20 ሜትር ርዝመት ውስጥ 5 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም በዲግሪ ሲለካ 14 ያህል ይሆናል። የላውትነር ዓይነት ቁልቁለት ቢሆን ኖሮ ታችኛው አጥርዎ ከመንገዱ 20 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር፤ ይህ ማለት በስድስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሞ ወደ ታች እንደ ማየት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ገደል ላይ ሁለተኛ ኮለን ለመትከል መሄድ ራሱ አደጋ ስለሆነ አንዱን ብቻ አጠንክሮ መትከል አዋጭ ይሆናል። የእርስዎ ቁልቁለት ግን ቀን ሠራተኛ አሸዋ በባሬላ ይዞ የሚወርድበትና የሚወጣበት በመሆኑ፣ ዘጠኝ ኮለን ለማቆም የሚከለክልዎ ነገር የለም። አንድ እግር የሚያስፈልገው ሁለተኛውን ማሳረፍ ለማይቻልበት ቦታ ነው።

ወጪውን በተመለከተ የዋናው ቤት ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። ባለቤቱ ለግንባታው የያዘው 30,000 ዶላር ነበር፤ ቤቱ ሲያልቅ 140,000 ዶላር ደረሰ። ልዩነቱን ከሸፈኑት መካከል አንድ የጋዝ ኩባንያና አንድ የማጣበቂያና የቅብ ኬሚካል አምራች ይገኙበታል፤ ቤቱ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ የኬሚካል አምራች ነው። ምርቱን ለማስተዋወቅ ሲል ወጪዎን የሚጋራ የቀለም ፋብሪካ ካላገኙ በቀር ይህን መንገድ መከተል አይቻልም። ቤቱ በኋለኞቹ ዓመታት ለብዙ ጊዜ ተከራይቶ፣ ለድግስ እያገለገለና ውስጡ እየተጎሳቆለ፣ ገዢ ሳያገኝ ቆይቷል፤ ሁሉም ሰው ያደንቀዋል እንጂ ሊኖርበት የሚገዛው ጥቂት ነበር። በመጨረሻ አንድ ጀርመናዊ የመጻሕፍት አሳታሚ ገዝቶት ነው በከፍተኛ ጥንቃቄ የታደሰው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤት ቤት ብቻ አይደለም፤ የባንክ መያዣ ነው፣ የልጆች ውርስ ነው፣ ችግር ሲመጣ የሚሸጥ ንብረት ነው። ገማቹ መጥቶ ከሥሩ ቆሞ አንገቱን ሲቀስር ምን ዋጋ እንደሚጽፍ እኔም መገመት ያስቸግረኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ስሌት እንኳ አያስፈልግም። 204 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ ስምንት ማዕዘን ወለል ከአንዱ ጎን ወደ ተቃራኒው ሲለካ 16 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የእርስዎ ቦታ ስፋት 12 ሜትር ተኩል ነው። ቤቱ እንዳለ ተነሥቶ ቢመጣ በግራም በቀኝም ከጎረቤት ግቢ በላይ ይንሳፈፋል ማለት ነው። ለጎረቤት አጥር መተው ያለበት ርቀት ሲቀነስ የሚቀርልዎ ስፋት 8 ሜትር ያህል ነው፤ 8 ሜትር የሚሰፋ ስምንት ማዕዘን ደግሞ 53 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ከባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚበልጥ አይደለም።

እንግዲህ ይህን ትንሹን ቤት እንያዝና በአንድ እግር ላይ ብናቆመው ምን እንደሚሆን እንመልከት። የምሰጣቸው ቁጥሮች ግምቱን ለማሳየት ያህል የተጠጋጉ ናቸው፤ ለግንባታ አይሆኑም። ወለሉ ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ) ከሆነ፣ ሊሾው፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የቤት ዕቃውና ሰዎቹ ተደምረው ወደ 50 ቶን ይጠጋሉ። ብዙ ሰው «አንድ ኮለን ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?» ብሎ የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ ነገር ግን ይህ ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሲ-25 አርማታ (ሲ-25 የአርማታው የጥንካሬ ደረጃ ነው) በአግባቡ የተሞላ ኮለን ቀጥ ብሎ ለሚወርድበት ጭነት ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ይችላል። የሚያስጨንቀው ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነው። ለምሳሌ በዓል ደርሶ 20 እንግዶች በአንድ ወገን ባለው መስኮት በኩል ተሰብስበው ቢቆሙ፣ 1.4 ቶን የሚሆን ጭነት ከመሐሉ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ይህን እንኳ ኮለኑ ይቋቋመዋል። ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚከፋው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው የወጡበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ከዚያም በፊት በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የደረሰው ነበር፤ የአዲስ አበባውን ካራ ቆሬ ማለቴ ሳይሆን በደሴ መንገድ ላይ ያለውን ነው፤ ማጀቴን ያፈረሰው እርሱ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ በመሆናቸው፣ አሁን የምንሠራበት የሕንፃ ዲዛይን ደረጃ ለዚህ አካባቢ የመሬት ስበትን አንድ አሥረኛ የሚያህል የአለት ንቅናቄ ያስይዛል። ደረጃው ከአውሮፓው የተወሰደ ሲሆን፣ ክብደታቸው ሁሉ ከላይ ሆኖ በአንድ እግር ብቻ የቆሙ ሕንፃዎችን ለብቻቸው ለይቶ «የተገለበጠ ፔንዱለም» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። ስሙ በደንብ ይገልጻቸዋል። የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ከላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የራሱ ክብደት ወደ መሐል ይመልሰዋል፤ ሲገለበጥ ግን ያው ክብደት አንዴ ካዘነበለበት ወገን የበለጠ ይጎትተዋል።

ደረጃው ይህን ስም የሰጠው ቅጣት ሊጥልበት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ኮለንና ቢም ያለው ተራ ሕንፃ ሲንቀጠቀጥ በብዙ መጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተሰነጠቀ ኃይሉን ያበርዳል፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይተካዋል። ስለዚህ በደንብ ለተነደፈ እንዲህ ያለ ሕንፃ የስሌቱ ኃይል ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ልክ እንዲቀነስ ይፈቀዳል። ባለ አንድ እግሩ ግን የሚሰነጠቅበት ቦታ አንድ ብቻ፣ ያውም የእግሩ ሥር ስለሆነ፣ በተመሳሳይ የዲዛይን ደረጃ የሚፈቀድለት ቅናሽ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ውጤቱ ሲሰላ በጠንካራ አለት ላይ እንኳ ተራው ሕንፃ ከክብደቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን የጎን ግፊት ሲያዝለት፣ የእርስዎ ቤት ወደ 17 በመቶ ይያዝለታል። 50 ቶኑ ላይ ስናሰላው 8 ቶን ተኩል የሚሆን ኃይል ከመሠረቱ በላይ 6 ወይም 7 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ቤቱን ወደ ጎን ይገፋዋል ማለት ነው። ይህን ችሎ እንዳይገለበጥ የሚያደርገው መሠረት በግምት 5 ሜትር በ5 ሜትር የሚሰፋ፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አርማታ ነው፤ 20 ሜትር ኩብ፣ 70 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ፣ ክብደቱም 50 ቶን። መሠረቱ ከቤቱ እኩል ይመዝናል ማለት ነው። የሎስ አንጀለሱም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከመሬት በታች የተቀበረው ክብ መሠረቱ 6 ሜትር ስፋትና 90 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1994 በዚያ አካባቢ የደረሱትን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጦች ያለፈው በዚህ ነው። ፊልሙ ላይ ቀጭን ሆኖ የሚታየው እግር ከሥሩ ይህን ያህል ተረከዝ ደብቋል፤ ካሜራው ደግሞ ወደ መሬት ውስጥ አይገባም።

«መሬቱን ሳንነካ» የሚለው ሐሳብም እዚህ ላይ ይፈርሳል። ያን መሠረት ለማሳረፍ በቁልቁለቱ መሐል ላይ ከ5 ሜትር የሰፋ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ በላይኛው ወገን ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ የሚወጣው አፈር ደግሞ በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሚሄድ ነው።

ስሌቱ ሁሉ በወረቀት ላይ ቢያምር እንኳ ሳይቱ ላይ የሚሆነውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሱሉልታ መንገድ አንድ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ለማየት ሄጄ ነበር። ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ከተፈታ ሦስት ቀን ያህል ሆኖታል። ከአንዱ ኮለን ሥር፣ ከመሬቱ ወደ ላይ ስንዝር በምታህል ቦታ ላይ ማልታው አዲስ መሆኑን አየሁና በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ባዶ ጣሳ የተመታ ያህል ጮኸ። ማልታውን ሲያነሡት ጠጠሩ እንደ ንብ ቀፎ ተቦርቡሮ፣ ሁለት ፌሮዎች ራቁታቸውን ቆመው ታዩ። ሲሞላ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቪብሬተር ተበላሽቶ በአጣና ወግተው ነበር የጨረሱት፤ ፎርማኑም ተናድዶ ሳይሆን አፍሮ ነው የደፈነው። ቤቱ 14 ኮለን ስለነበረው ሶሌታውን በዙሪያው በባሕር ዛፍ ደግፈን፣ የተበላሸውን ቆርቁረን አውጥተን እንደገና ሞላነው፤ ቤቱም ዛሬ ሰው ይኖርበታል። ያው ስህተት በባለ አንድ እግር ቤት ላይ ቢደርስ የሚደገፈው የቱ ነው? ከዚያም በላይ፣ ከፍተኛው ኃይል የሚያርፈው በትክክል ያ ስንዝር ላይ ነው፤ ፌሮ የሚቀጠለውም፣ ጠጠርም የሚከማቸው፣ መጋዝና ቅጠልም የሚቀረው እዚያው የካሳፎርማው ሥር ነው። በአንድ ቀን፣ ሳይቋረጥ፣ ውሃ ሳይበዛበት፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ሳይራራቅ የሚሞላልዎ ቡድን በአገራችን የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ሲሚንቶ በሰዓቱ ደርሶ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ቀላቃዩ ሳይቆም የሚውልበት ቀን መገጣጠም አለበት፤ ቤትዎን በሙሉ በዚያ አንድ ቀን ላይ ይጥላሉ ማለት ነው።

አፈሩ ሌላው ጉዳይ ነው። ስለ አፈሩ በጥያቄዎ ውስጥ ምንም አላነሡም። በአዲስ አበባ ዙሪያ አንዱ ግቢ ላይ አለት በአንድ ሜትር ሲገኝ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ደግሞ ጥቁር መረሬ ሦስት ሜትር ይወርዳል። መረሬው በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በተራ ቤት ይህ ግድግዳን ይሰነጥቃል፤ ያናድዳል፣ ይለሰናል፣ ተመልሶ ይሰነጠቃል። በአንድ እግር ላይ ግን የመሠረቱ አንዱ ጠርዝ ከሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ፣ 8 ሜትር በሚሰፋው ወለል ላይ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ምንም የሚሰነጠቅ ነገር የለም፤ ቤቱ እንዳለ ያዘነብላል። ወለል ስታጥቡ ውሃው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፣ በሩ በራሱ ይከፈታል፤ ይህን ደግሞ ለስኖ የሚያስተካክለው ግንበኛ የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ ኑሮው ልግባ። ባለቤትዎን የማረካቸው ነገር እኔንም ይማርከኛልና ውበቱን አላጣጥለውም። እንዲያውም ለእኛ ዓይን እንግዳ የሆነ ነገር አይመስለኝም። ስምንት ማዕዘን በአራዳ ጊዮርጊስና በእንጦጦ ማርያም ያደግንበት ቅርጽ ነው። በአንድ ምሰሶ ዙሪያ መኖርንም ከጎጆ እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ በጎጆው ዙሪያውን ያለው ግድግዳ ጭነቱን መጋራቱ፣ በዚህኛው ግን ወለሉ ራሱ መንጠልጠሉ ነው። ይበልጥ የሚቀርበው ግን ማማ ነው። በማሳ መሐል በእንጨት ላይ ቆሞ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠበቅበት ማማ ላይ በልጅነቱ የወጣ ሰው፣ ያ ፊልም ሲታይ ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን ነገር ያውቀዋል፤ ከነፋሱ ጋር መሆን፣ ሁሉንም ማየት፣ ከመሬቱ መለየት። ይሁንና ማማ ላይ የሚወጣው እህሉ እስኪሰበሰብ ነው፤ ተወልዶ፣ ታሞና አርጅቶ የሚኖርበት አይደለም። ፊልሙም ቢሆን በዚህ ይስማማል፤ በቤቱ ውስጥ የምናየው ሰው ባለቤቱ ሳይሆን ለጥቂት ቀናት ቤት ጠባቂ ሆኖ የገባ ሥራ ፈት ተዋናይ ነው። ሲሊንደር ተሸክሞ ሲወጣ አናየውም፤ የሚሠራው ነገር ቢኖር በቴሌስኮፕ የሰው ቤት ማየት ነው።

በእርስዎ ግቢ ውስጥ ደግሞ የሚታዩት እርስዎ ይሆናሉ። በሎስ አንጀለስ ያለው ቤት ዙሪያውን መስታወት የሆነው ከፊቱ ሸለቆ እንጂ ጎረቤት ስለሌለ ነው። እርስዎ ዘንድ በግራም በቀኝም በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ፎቅ ቤት ተሠርቷል ወይም ነገ ይሠራል። ከስምንቱ ጎን በትንሹ አራቱን በመጋረጃ ሸፍነው መኖርዎ አይቀርም፤ የተሸፈነ መስታወት ደግሞ ከብሎኬት የሚለየው በውድነቱና በብርዱ ብቻ ነው። ብርዱን አቃልለው አይዩት። ቡራዩ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት ቢያንስ ከወለሉ በታች ነፋስ አይነፍስበትም፤ የተንጠለጠለው ግን ከላይም፣ ከጎንም፣ ከሥርም ይቀዘቅዛል። ከሶሌታው ሥር ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ማስገባት ይቻላል፤ ሲሠራ ያየሁበት ግንባታ ግን ጥቂት ነው።

የውስጡን አከፋፈልም ያስቡት። ክብ ነክ ቤት ከመሐሉ ሲከፋፈል ክፍሎቹ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ አንድ ወገናቸው ይሾላል፤ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፣ ሶፋው ጥግ አያገኝም። ላውትነር ይህን የፈታው መሐሉን የምድጃ ስፍራ አድርጎ፣ ቤቱን በጡብ ግድግዳ ለሁለት ከፍሎ፣ መቀመጫውንም ከመስታወቱ ሥር አብሮ ሠርቶ ነው፤ በ204 ካሬ ሜትር ይቻላል፣ በ53 ግን አይቻልም። ማድ ቤቱ የት ይሆናል? ምጣዱ፣ የበዓል በጉ፣ የበርበሬ ስጡ? ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ያስፈልጋል፤ 2,000 ሊትር ሲሞላ 2 ቶን ነውና ከጣሪያው ላይ አውጥተው ከመሐል ፈቅ ቢያደርጉት ቅድም ያልኩትን የጎን ስበት በየቀኑ ያኖሩበታል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለውስ? ቤቱ ከነመሠረቱ የግቢውን መሐል ይይዘዋል፤ ዙሪያው የሚቀረው ተዳፋት ነው። በሎስ አንጀለስ ወደ ቤቱ የሚወጣው በሐዲድ ላይ በገመድ በሚሳብ ትንሽ ሊፍት ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር እናትዎን በጀርባ ማዘል ካልፈለጉ እርሱም አይታሰብም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ትንቢት ይመስልብኛል እንጂ ልምድ ነው። ከቤቱ ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም። በሁለተኛው ዓመት ብድሩ ሲከብድ፣ አንድ ሰው ዓምዱን ተጠግቶ በብሎኬት ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ማከራየቱ አይቀሬ ነው። ያን ጊዜ ሳህኑ ይጠፋና የቀረው ያልተመቸ ፎቅ ቤት ይሆናል።

ታዲያ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ከዚያ ቤት ሁለት ነገር እወስዳለሁ፤ ቁልቁለቱን ሳይቆርጡ በላዩ መሻገርንና በታችኛው ጫፍ ላይ የሚገኘውን የመንሳፈፍ ስሜት። ቤቱ ከመንገዱ 3 ሜትር ገባ ብሎ ይጀምር፤ ወለሉ በመንገዱ ከፍታ ላይ ይሁን። በዚያ ቦታ መሬቱ ከወለሉ 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ስለሚል በአጭር መሸጋገሪያ ያለ ደረጃ ይገባሉ፤ ጋሪም፣ አሮጊትም፣ ሲሊንደርም ይገባል። ከዚያ ወለሉ ቀጥ ብሎ 10 ሜትር ሲሄድ መሬቱ ከሥሩ እየሸሸ፣ በታችኛው ጫፍ 3 ሜትር ከሩብ ዝቅ ይላል። 8 በ10 ሜትር፣ 80 ካሬ ሜትር፣ ዘጠኝ ኮለን በሦስት ረድፍ፤ የመጨረሻው ረድፍ ከጫፉ 1 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ሶሌታው ከእርሱ አልፎ ይንጠልጠል። መስታወቱን በዚያ ጫፍ ብቻ ያድርጉት። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለው ወደ ታች ሲያዩ ኮለን አይታይዎትም፤ ባለቤትዎ የፈለጉት ስሜት ይኸው ነው። ከሥሩም ሰው ሙሉ ቁመት የሚቆምበት ቦታ ስለሚገኝ ያ የማይቀረው ሰርቪስ ከመጀመሪያው በፕላኑ ውስጥ ይግባ።

በዚህ ዓይነቱ ቤት አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ፤ ንድፉን ለሚሠራልዎ መሐንዲስም ሳይጠይቅዎ ያንሡለት። በቁልቁለት ላይ የላይኛዎቹ ኮለኖች አጭር፣ የታችኛዎቹ ረጅም ይሆናሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ለረጅሞቹ ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን የሚሰበሩት አጭሮቹ ናቸው። ሁለቱ እኩል ውፍረት ካላቸው፣ ቁመቱ በግማሽ ያጠረው ኮለን ስምንት እጥፍ ይገትራል፤ ስለሚገትርም የቤቱን የጎን ግፊት ከሞላ ጎደል ብቻውን ይቀበላል። መፍትሔው የላይኛዎቹን መሠረት ዝቅ አድርጎ ቁመታቸውን ማስረዘምና ከአፈሩ ጋር እንዳይነካኩ ዙሪያቸውን ክፍት መተው፣ ወይም ግፊቱን ሆን ብሎ የሚሸከም የአርማታ ግድግዳ በሁለቱም አቅጣጫ ማስገባት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ክፍት ቦታ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው በአፈር ይሞላዋልና።

የድጋፍ ግንብ ወጪዎ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም እጅግ ይቀንሳል፤ በታችኛው አጥር በኩል ከአንድ ሜትር ያልበለጠ የድንጋይ ግንብ ይበቃል፤ እርሱም ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ በየሜትር ተኩሉ ይተውለት። ባለፉት ክረምቶች ሲወድቁ ያየኋቸው ግንቦች አብዛኞቹ የወደቁት ከኋላቸው የታቆረ ውሃ ገፍቷቸው ነው። የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደው ውሃ ከቤቱ ሥር እንዳይፈስ፣ ከመንገዱ የሚመጣውም ጎርፍ በቤቱ ላይኛ ወገን በቦይ ተይዞ በአጥሩ ጥግ ይውረድ።

ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች የግንባታ ፈቃዱን የሚጠይቁት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ለንድፍም ገንዘብ ሳይከፍሉ፣ ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ከታች። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 3 ሜትር ወይም አለት እስኪገኝ ይሁን፤ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ያለ ድጋፍ ሰው አይውረድበት። በየግማሽ ሜትሩ የወጣውን አፈር ለየብቻው ከምረው፣ ከጎኑ ሜትር አቁመው ፎቶ ያንሡልኝ። ጥቁሩ አፈር ከታችኛው ጉድጓድ ብቻ ከወጣ ዘጠኙን ኮለን እንዳለ እንቀጥላለን፤ ከሦስቱም ከወጣ ግን የኮለኖቹን ቁጥርም የመሠረቱንም ዓይነት እንደገና መነጋገር ይኖርብናል።